ሁለት ደቂቃ ለቀኝ ጆሮ

ደወሌ፣ ኅዳር 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለሪሐና ሙክታር፣

እንደምን ሰንብተሻል? እናትሽስ፣ ሱቁስ? እኔ ሙቀቱን ከቆጠርነው ታምሜያለሁ፣ ካልቆጠርነው ደህና ነኝ።

የጭነት መኪና ሾፌሩ ዐብዲኑር ሐሙስ ገባ። ፖስታሽን፣ ሚሞሪ ካርዱንና ሐልዋው ያለበትን ጣሳ አስረክቦኝ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ወደ ጉምሩክ ሰልፍ ሮጠ። ስልክ ባለመደወልሽ አመሰግናለሁ። ከዚያ የ2010 ነሐሴ የጅግጅጋ ሁከት ወዲህ ግራ ጆሮዬ እንደማይሰማ ታውቂያለሽ። ቀኙም ቢሆን በስልክ ሲያወሩት ግማሹን ይጥላል። የተቀዳ ድምፅ ግን ደጋግሜ መስማት እችላለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጅግጅጋ ላይ እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው እዚህ ጠረፍ ላይ ተቀምጦ በአንድ ጆሮ የኮንቴይነር ሰነድ ሲሞላ መዋሉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔንም አንዳንዴ ያስቀኛል።

የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤትሽን አየሁት። ማዳመጥ ሰባት ተኩል፣ ማንበብ ሰባት፣ መጻፍ ስድስት ተኩል፣ መናገር አምስት። የተቀበለሽ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚፈልገው ከሁሉም ስድስት ተኩል ነው። ቦታሽን እስከ ሰኔ 30 ያቆዩልሻል፤ ከዚያ በኋላ ለሌላ ሰው ይሰጣል። እንግዲህ ሰባት ወር ገደማ አለን፣ ሥራችንም አንድ ነው።

የድምፅ ቅጂሽን ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ሰዋስውሽ ላይ የምለው የለኝም፣ እኔው ነኝ ያስተማርኩሽ። ችግሩ ሌላ ነው። «የምትኖሪበት ከተማ እንዴት ነው?» ለሚለው ጥያቄ «ጥሩ ነው፣ ነፋሻ ነው» ብለሽ ዝም። ይህ ለትራፊክ ፖሊስም አይበቃም። በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚመልስ ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለው፤ ፈታኙ ደግሞ ሁለቱን ለይቶ ነጥብ አይሰጥም። ከዛሬ ጀምሮ ሕጋችን ይኸው ነው፤ አንድ ደቂቃ ታስቢያለሽ፣ ሁለት ደቂቃ ትናገሪያለሽ። ጽፈሽ እንዳታነቢልኝ፣ ያስታውቅብሻል።

ፈተናው ክፍል ውስጥ ምን እንደሆንሽ ግን አልጻፍሽልኝም። ጻፊልኝ።

ለጎረቤታችን ለፈርዶውሳ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሐልዋው እንደ ወትሮው ሄል የለበትም፣ እግዜር ይስጣት። ጅግጅጋ ውስጥ ሐልዋ ያለ ሄል የሚሠራ እሷ ብቻ ናት፣ ያውም ለአንድ አስቸጋሪ ጎረቤት ስትል። የቤቴን ቁልፍ አሁንም አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች?

መምህርሽ ሀብተየስ


ሸደር፣ ኅዳር 30 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ሙቀቱን አይቁጠሩት። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናቴ አሁንም «ያ ቀጭኑ መምህርሽ ይበላል ወይ?» እያለች ትጠይቀኛለች።

የፈተናውን ነገር ያልጻፍኩት አፍሬ ነው። ቲቸር፣ እርስዎ የተርጓሚነት ሥራዬን የሚያውቁት በስሙ ብቻ ነው። እዚህ መጠለያ ጣቢያው ቢሮ ውስጥ ሦስት ወንበር አለ። ፊት ለፊቴ ጠያቂው ይቀመጣል፣ በግራዬ ስደተኛው፣ መሐል እኔ። ሕጉ «እሷ ሸሸች ትላለች» ማለትን ይከለክላል። እሷ በሶማሊኛ «ሸሸሁ» ካለች እኔም በእንግሊዝኛ «ሸሸሁ» እላለሁ። አምስት ዓመት እንደዚህ ሠርቻለሁ። በቀን ስድስት ሰው ሆኜ «እኔ፣ እኔ» ስል ውዬ ማታ ቤቴ ስገባ እናቴ «ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» ትለኛለች፣ መልሴም «ደህና» ነው።

ፈታኟ «ስለ ቤትሽ ንገሪኝ» ስትለኝ ወደ ግራዬ ዞርኩ። የሚናገረውን ሰው እየጠበቅሁ ነበር። በግራዬ ወንበር እንኳ አልነበረም፣ ግድግዳ ነው። ሴትየዋ ያልሰማሁ መስሏት ጥያቄውን ደገመችልኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ውጤቱ ላይ አይተውታል።

ለፈርዶውሳ ሰላምታዎን አድርሻለሁ። ሱቋ ውስጥ ጨርቅ ስትለካ ነበር ያገኘኋት። የተናገረችውን አንድም ሳልቀንስ ልጻፍ፣ ቃል አስገብታኛለች። «ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፣ ሌላ የት ሊሆን ነው? ግቢው ውስጥ ያለው ዘይቱን አፍርቷል፣ ወፍ እየበላው ነው፣ እሱ እዚያ ባቡር ይቁጠር። ወላሂ፣ ሦስት ቀን ከጨርቄ ጀርባ የደበቅሁት ሰው አራት ዓመት ሙሉ ዓይኑን ካላሳየኝ እንግዲህ እኔ ነኝ ደወሌ የምሄደው? ጉልበቴን አይቶታል? ንገሪው፣ ሐልዋው ካለቀ ጣሳውን ይመልስ፣ ባዶውን አይሰብስብ።»

ተርጓሚ ስለሆንኩ አልጨመርኩም።

ተማሪዎ ሪሐና


ደወሌ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለሪሐና፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ለእናትሽ እበላለሁ በያት። ጣሳዎቹን መልሻለሁ፣ አራት ናቸው። አንዱ ላይ ምስማር ይዤበት ስለነበር ትንሽ ዝጓል፣ መሰደቤን እጠብቃለሁ።

ሁለተኛውን ካርድ ሰማሁት። ስም ሳትጠሪ፣ ልጆቿን ይዛ በእግሯ ድንበር የተሻገረችውን ሴት ሆነሽ የተናገርሽውን ነው የምለው። ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትደናቀፊ ሄድሽ። ቃላቱ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል፣ ድምፅሽም ሲያስፈልግ ይወርዳል። ፈታኝ ብሆን ሰባት ተኩል እሰጥሻለሁ። ቀጥሎ ስለ ገዛ ወንድምሽ ተናገርሽ፣ አሥራ ስምንት ሰከንድ።

ያንን የሴትየዋን ታሪክ የራስሽ አድርገሽ ፈተናው ላይ ብትናገሪው ምን አለበት ብለሽ ካርዱ መጨረሻ ላይ ጠይቀሽኛል። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ፈታኙ እውነት ይሁን ፈጠራ ግድ የለውም። ነጥብሽንም ታገኚ ነበር። ነገር ግን እኔ በዚህ አላግዝሽም። ሴትየዋ ያን ሁሉ የነገረችሽ አገር እንዲሰጧት ብላ ነው፣ ለአንቺ ፈተና ብላ አይደለም። ደግሞ ትምህርት ቤት የሚቀበልሽ አንቺን ነው፣ እዚያ ሄደሽም «ደህና ነኝ» ብለሽ ዝም ካልሽ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው። ተቆጣሁ አይደል? ይቅርታ አልጠይቅም።

ከዚህ ጋር አሥራ ሁለት ጥያቄ ልኬልሻለሁ። ሁሉም ስለ ራስሽ ነው፤ ስላደግሽበት ቤት፣ ስለፈራሽበት ቀን፣ ስለ አንድ ጎረቤትሽ፣ ስለማትወጂው ምግብ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ። ጣልቃ ገብቶ የሚያወራ ስደተኛ የለም።

ለፈርዶውሳ፣ ለትንሣኤ እመጣለሁ በያት። ይህን ስል ሦስተኛ ዓመቴ መሆኑን አንቺ አትንገሪያት፣ ራሷ ቆጥራዋለች። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጉዞው አይደለም ያስቸገረኝ። ባቡሩ ድሬዳዋ ያደርሰኛል፣ ከዚያ ጅግጅጋ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። የዚያን በር ፊት ሳስበው እግሬ እምቢ ይለኛል። ይህን ግን አትተርጉሚላት።

ሀብተየስ


ሸደር፣ የካቲት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ፣

እንደምን ከረሙ? በመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ጥያቄዎቹን ቀድቼ ልኬያለሁ። ፈተናው ሰኔ 10 ቀን አዲስ አበባ ሆኗል፣ ተመዝግቤያለሁ። እናቴ ደህና ናት። ሱቁም ደህና ነው። ፈርዶውሳ ደህና ናት። ሐልዋውን ልካለች።

እዚህ ነፋሱ በርትቷል። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ሪሐና


ደወሌ፣ የካቲት 24 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለሪሐና፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ነፋሱስ አለፈላችሁ?

ካርዱም ሐልዋውም በደህና ገብተዋል። ጾም ስለያዝን፣ ቅቤ ደግሞ ስላለበት፣ ክዳኑን ከፈት አድርጌ አየሁና መልሼ ከደንኩት።

ቅጂሽ በጣም ተሻሽሏል። ያደግሽበትን ቤት ስትገልጪ ቆርቆሮው ላይ ሲሮጡ ስለነበሩ ጦጣዎች ያወራሽው ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ነው፣ ሁለት ጊዜ ሳቅሁ። ስለማትወጂው ምግብ ደግሞ የተናገርሽውን እናትሽ እንዳትሰማ። ጥያቄ ሲያልቅብሽ «በነገራችን ላይ» እያልሽ ትገፊያለሽ፣ እሱን ተዪው፣ ዝም ብለሽ ትንፋሽ ውሰጂ። ዝምታ ከመሐል ሲሆን ነጥብ አይቀንስም።

እዚህ የበር ጠባቂያችን ኢሴ ፈታኝ ሆኖልኛል። አንቺን እንዴት እንደማስተምር ሲያይ እሱም ጀመረ። ከሰዓት በኋላ፣ የጅቡቲው ባቡር ካለፈ በኋላ፣ ጥላው ሥር ተቀምጠን ሰዓት እየያዘ ያናግረኛል። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ፊሽካውን ይነፋል። የጭነት ሾፌሮቹ ሁሉ እየዞሩ ያያሉ።

አንድ ነገር። የላክሁልሽ ጥያቄ አሥራ ሁለት ነበር፣ ካርዱ ላይ ያለው አሥራ አንድ ነው። የጎደለው ሰባተኛው ነው፣ ስለ አንድ ጎረቤትሽ የሚለው። ረስተሽው ይሆናል። ፈተናው ላይ ግን መዝለል የለም፣ የመጣልሽን የጥያቄ ካርድ መቀበል ነው።

ለትንሣኤ መምጣቱ አልሆነልኝም። ሥራ አለ።

ሀብተየስ


ሸደር፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ፣

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረስዎ። ለእኛም ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ዒድ ነው፣ እናቴ ከሰሞኑ ሱቁን ትታ ቤት እያጸዳች ነው።

አዲስ ካርድ ልኬያለሁ። ሰባተኛው አሁንም የለም። ስድስት ጊዜ ጀምሬ ስድስቱንም ሰርዤዋለሁ። ስለ ጎረቤት ስናገር ድምፄ ልክ አይመጣም። ሌላ ማንኛውንም ጥያቄ ይላኩልኝ፣ ሃያም ይሁን እሠራለሁ።

የጣቢያው ሥራ ውል ነሐሴ ላይ ያልቃል፣ እንደማያድሱልንም ነግረውናል። ስለዚህ ይህ ፈተና ካልሆነ ከእናቴ ጋር ሳሙናና ስኳር እሸጣለሁ። እያማረርኩ አይደለም፣ እንዲያውቁት ብዬ ነው።

በመጨረሻው ደብዳቤዎ ለፈርዶውሳ ሰላምታ አልነበረም። ቸኩለው ይሆናል ብዬ እኔው በስምዎ አድርሻለሁ። ደስ ብሏታል።

ሪሐና


ደወሌ፣ ግንቦት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለሪሐና፣

ሰላም ለአንቺና ለቤትሽ ይሁን።

ከእንግዲህ ካርድ አትላኪልኝ። የቀረው ጥቂት ቀን ስለሆነ አርፈሽ እደሪ፣ ለእናትሽ በአማርኛ ብዙ አውሪላት። አንደበት አንድ ነው፣ በአንዱ ከተፈታ በሌላውም ይፈታል ብዬ አምናለሁ።

ሦስት ነገር ልበል፣ መምህር ስለሆንኩ አልችልም ዝም ማለት። ክፍሉ ስትገቢ ወደ ግራሽ አትዙሪ። ፈታኟ እስክሪብቶዋን ካነሳች እየጻፈችብሽ አይምሰልሽ፣ እጃቸው ሥራ ስለሚፈልግ ነው። ሦስተኛ፣ ከባድ ካርድ ከመጣ ቀላሉን ፈጠራ አትፈልጊ። የሆነውን እንደሆነው ከመጀመሪያው ጀምሪው፣ ሁለት ደቂቃው አይበቃሽም።

ሰላምታዬን ለሁሉም አድርሺ።

ሀብተየስ


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ፣

ይህን የምጽፈው ላምበረት መናኸሪያ ፊት ለፊት ካለ ሻይ ቤት ነው። መኪናዬ የሚነሣው ነገ ማለዳ ነው፣ ጅግጅጋ እስክገባ ግን መታገሥ አልቻልኩም።

ትናንት ተፈተንኩ። ወደ ግራዬ አልዞርኩም። ፈታኙ በዚህኛው ወንድ ነው፣ ሸበቶ፣ ሳል የያዘው። ስለ ሥራዬና ስለ ከተማዬ ጠየቀኝ፣ ስለ ጦጣዎቹ አወራሁለት፣ ፈገግ አለ። ከዚያ ካርዱን ገፋ አደረገልኝ። «ለአንድ ሰው ልትነግሪው ስለከበደሽ ዜና ተናገሪ። ዜናው ምን ነበር? ለማን ነው? ለምን ከበደሽ?» ይላል። ወረቀትና እርሳስ ሰጥቶኝ አንድ ደቂቃ ጠበቀኝ።

ቲቸር፣ እኔ በሳምንት ሁለት ጊዜ ክፉ ዜና እናገራለሁ። «ማመልከቻሽ አልተቀበለም»፣ «ወንድምህ በሕይወት የለም»። ድምፄ አይንቀጠቀጥም፣ ምክንያቱም ዜናው የጠያቂው ነው፣ እኔ መንገድ ላይ ነኝ። ከእነዚያ አንዱን ብናገር ይበቃኝ ነበር። ወረቀቱ ላይ እርሳሴን አስቀምጬ አንድም ቃል አልጻፍኩም። ደቂቃው ሲያልቅ የእርስዎን ምክር ይዤ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ከጥር 14፣ ከጠዋቱ፣ በሩ ሲንኳኳ ጀምሬ። ሳልቆም ሄድኩ። መሐል ላይ ትንፋሽ ወሰድኩ፣ እንደነገሩኝ። ሰውየው ሰዓቱ ሲሞላ እጁን አነሣ፣ አላየሁትም፣ ሁለተኛ አነሣው። ከዚያ መነጽሩን አወለቀና «ሰውየው እስካሁን አያውቅም?» አለኝ። ይህ ካርዱ ላይ ያለ ጥያቄ አይመስለኝም። «አያውቅም» አልኩት።

ስለ ማን እንደተናገርኩ አልጽፍልዎትም። ወረቀት ላይ የማይሰፍር ነገር እንዳለ ያውቃሉ። እኔ የሙስሊም ልጅ ብሆንም ከእናንተ ጋር ነው ያደግሁት፣ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ፤ ማለዳ፣ ሰው ይዞ፣ ከፊት ለፊት። አምስት ወር ሙሉ ሰው አሰባስቤ ደወሌ መምጣት ነበረብኝ። በምትኩ ደህና ናት፣ ደስ ብሏታል እያልኩ ጻፍኩልዎ። ለአንድ የማላውቀው ፈረንጅ በሁለት ደቂቃ የተናገርኩትን ለሚገባው ሰው አልተናገርኩም። ፈተናዬ ሳያልቅ ከነገርኩዎት ማስተማርዎን ያቆማሉ ብዬ የፈራሁበት ቀንም ነበር። ይህንንም ይወቁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሪሐና


ደወሌ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለሪሐና፣

ደብዳቤሽም ቴክስትሽም ደርሰውኛል። መናገር ሰባት። ኢሴ ፊሽካውን ሦስት ጊዜ ነፋ፣ ጉምሩኮቹ ምን ሆነ ብለው ወጡ። ውጤቱንም በቀኑ ስለላክሽ ቦታሽ የአንቺ ነው። አሁን ሻንጣ ግዢ፣ ቀላል የሆነውን፣ ትልቁን አይደለም። እንኳን ደስ አለሽ። ደስ ብሎኛል፣ በጣም።

ወደ ሌላው ልምጣ።

የየካቲቱን ጣሳ ስከፍት ሄል ሸተተኝ። ፈርዶውሳ ለእኔ ሄል የምትጨምር ሴት አይደለችም። ከገበያ ገዝተሽ እንደላክሽው ወዲያው ገባኝ፣ ለምን እንደገዛሽውም ገባኝ። ከዚያ ደብዳቤሽን መልሼ አነበብኩት። አንድ ዓረፍተ ነገር። «ፈርዶውሳ ደህና ናት።» ኅዳር ላይ ስለ እሷ ግማሽ ገጽ የጻፈች ልጅ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ስለሚመልስ ሰው ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ። ሰባተኛውን ጥያቄ ካርዱ ላይ ያጣሁት ከዚያ በኋላ ነው፣ እርግጠኛ ለመሆን አላስፈለገኝም ነበር።

ዐብዲኑርን አልጠየቅሁትም፣ ይነግረኝ ነበር። አንቺንም አልጠየቅሁሽም። የሚነግረኝ እስካልመጣ ድረስ እሷ እዚያ ቁጭ ብላ ጨርቅ ትለካለች ብዬ ነው። አምስት ወር ገደማ እንዲህ ቆየሁ። ስለዚህ ይቅርታ የምትጠይቂኝ ለብቻሽ አይደለም፣ ሁለታችንም ተደባብቀናል። እኔ ደግሞ በሕይወት ሳለች ሦስት ትንሣኤ ዋሽቻታለሁ። ለዚያ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው የለም።

ነገር ግን ሪሐና፣ መርዶ ያልተነገረው ሰው ተቀምጦ ማልቀስ አይችልም። ሞክሬዋለሁ። ኮንቴይነር እየቆጠርኩ እንባዬ ይመጣና፣ ሰው ምን ሆንክ ቢለኝ መልስ ስለሌለኝ እመልሰዋለሁ። ሐልዋውም እስካሁን እንደተከደነ ነው።

ከመሄድሽ በፊት ነይ። ድሬዳዋ እደሪና በማለዳው መኪና ተነሺ። ሰው ይዘሽ መምጣት አያስፈልግሽም፣ ሰው እዚህ አለ። ኢሴ ከበሩ ፈቃድ ጠይቋል፣ ሻይ የምታፈላልን ኒምኮም ዘመዶቿን ይዛ እመጣለሁ ብላለች። ለምን እንደሆነ ነግሬያቸዋለሁ፣ እኔ ግን አልሰማሁም። ምንም እንደማያውቅ ሰው ደጄ ላይ ተቀምጬ እጠብቅሻለሁ። ቁልፉ አንቺ ጋ ከሆነ ይዘሽልኝ ነይ፣ ስትመለሺ አብሬሽ እሄዳለሁ።

በቀኜ በኩል ተቀመጪና በአማርኛ ንገሪኝ። ከጥር 14 ጠዋት፣ በሩ ሲንኳኳ ጀምሪ። ሰዓት አልይዝብሽም።

ሀብተየስ